አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድን አረፋ የተከተሉት ሳይንቲስት

ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ሑመራን አልፎ በሐምዳይት በኩል ወደ ሱዳን ሲዘልቅ ሰቲት ይባላል። በወድ ኤል ሒለው አካባቢ ሜዳውን አቋርጦ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም ወረድ ብሎ ኻሽም ኤል ጊርባ ላይ ግድብ ይጠብቀዋል። ግድቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። የአስዋን ግድብ ሐይቅ ቀያቸውን የዋጠባቸው ኑብያውያን በኒው ሐልፋ ሰፍረው በመስኖ እንዲያርሱ ታስቦ የተሠራ ነው። በመስኖው ጥጥና ስንዴ በቀለ፤ በቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ቀንድ አውጣ ረባ። ቀንድ አውጣውን ተከትሎም ቢልሃርዝያ መጣ።

በዚያው በ1964 ዓመት፣ ከድንበሩ ወዲህ በትግራይ ደጋ፣ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አጠናቀው የተመለሱ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ከተማ አጠገብ ወንዝ ዳር ቆመው የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ይመለከቱ ነበር። ስማቸው አክሊሉ ለማ ይባላል። የቀሪ ዘመናቸውን አቅጣጫ የወሰነው በዚያ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር ነው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በሀገር ቤት የጀመሩትን ትምህርት በአሜሪካ ቀጥለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ዘርፍ ለዶክትሬት በቁ። ልዩ ጥናታቸው ሰውን መኖሪያቸው የሚያደርጉ ጥገኛ ነፍሳትና ትሎች ነበሩ። በዘመኑ በውጭ የተማረ ሰው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ማግኘት አይቸግረውም ነበር። እርሳቸው ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ በሽታው ወዳለበት ወደ ገጠር መመላለስን መረጡ። ኋላም በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ቆላ የቀን ሠራተኛውን ሲፈጅ የኖረውን የካላ አዛርን ወገን፣ ሌሽማንያሲስን፣ በኢትዮጵያ ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል ስማቸው ይገኛል።

ወደ አድዋ የወሰዳቸው ግን ቢልሃርዝያ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ይህ ትል የአኗኗር ዑደቱ ለሁለት ተከፍሏል። በሰው ደም ሥር ውስጥ ተጋብቶ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ይባዛል። ከአንድ እጭ የተነሡ እልፍ ጥቃቅን ትሎች ተመልሰው ውኃ ውስጥ ይለቀቃሉ፤ ሊዋኝ የገባ ሕፃን፣ ውኃ የምትቀዳ ልጃገረድ ወይም በቦይ ውስጥ የቆመ ገበሬ ሲያገኙ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። በደጋው የሚበዛው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል። በሽታው ቶሎ ስለማይገድል የመንግሥታትን ትኩረት ሳያገኝ ኖሯል።

ከዚህ ዑደት አንዱን ቀለበት መበጠስ ቢቻል ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዚያን ጊዜ የነበሩት መድኃኒቶች ለታማሚው አደገኛ ነበሩ፤ የገጠሩን ሕዝብ ከወንዝ ውኃ መለየትም አይታሰብም። የቀረው ቀለበት ቀንድ አውጣው ነው።

እንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ

አክሊሉ በአድዋ ወንዞች የሚገኙትን ቀንድ አውጣዎች ስርጭት ሲመዘግቡ አንድ ያልጠበቁት ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ይታያሉ። ከማጠቢያው ከፍ ብሎም ሆነ ከዚያ ርቆ በሚገኘው ታችኛው ወንዝ ግን በሕይወት ያሉት ይበዛሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በፋብሪካ ሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር።

እንዶድ ለኢትዮጵያ አንባቢ መግለጫ የሚያሻው ተክል አይደለም። በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ እንዶዴ ይባላል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላ ለዘመናት የነጡት በዚህ ነው። በአጥር ጥግ የሚበቅል፣ ማንም የማይቆጥረው ቁጥቋጦ ነበር።

አክሊሉ የፈተኑት እዚያው ነው። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከዚህ በኋላ የተካሄዱት የላቦራቶሪ ሙከራዎች ሁሉ በወንዙ ዳር የታየውን የሚያጸኑ ነበሩ። የሴትዮዋ ስም ግን በየትኛውም የሳይንስ መጽሔት አልተመዘገበም፤ ይህ ጉድለት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

በአረፋው ውስጥ ያለው ጉባኤ

እንዶድን ሳሙናም የቀንድ አውጣ መርዝም ያደረገው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ሳፖኒን ሁለት ጠባይ ያለው ሞለኪውል ነው። አንዱ ወገኑ ስብን ይወዳል፣ ውኃን ይሸሻል። ሌላው ወገኑ የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ውኃን ይወዳል። እንዲህ ያለው ሞለኪውል ብቻውን ውኃ ውስጥ ሲገባ ይጨነቃል ማለት ይቻላል። ቁጥሩ በቂ ሲሆን ግን ማንም ሳያዝዘው ከብጤዎቹ ጋር ይሰበሰባል፤ ስብ ወዳዱን ጎን ወደ ውስጥ፣ ስኳሩን ወደ ውጭ አድርገው ሉል መሰል ጥቃቅን ጉባኤዎች ይሠራሉ። የጋቢው ቅባትና እድፍ ከጉባኤው መካከል እንደ እንግዳ ገብቶ ይቀመጣል፤ ውኃው ሁሉንም አንድ ላይ ጠርጎ ይወስዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር አልተዋሐደም። አዲስ ኬሚካል አልተፈጠረም። የያዛቸው በቀላሉ የሚላቀቅ ደካማ ስበትና ከውኃው መሸሽ ብቻ ነው። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ግንኙነት ሱፕራሞለኪውላዊ፣ ማለትም ከአንድ ሞለኪውል በላይ የሆነ ይሉታል፤ ተቀባዩን አስተናጋጅ፣ ገቢውን እንግዳ ብለው ይጠሩታል። በ1987 ቻርልስ ፔደርሰን፣ ዶናልድ ክራምና ዣን ማሪ ሌን የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት የተካፈሉት ለእንግዶቻቸው መርጠው በር የሚከፍቱ ሞለኪውሎችን በመሥራታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ሰፍቷል። የአንዱ ሞለኪውል እንግዳ ጫፍ በሌላው አስተናጋጅ ጫፍ እየገባ፣ ያኛውም በቀጣዩ እየገባ ሲሄድ ሱፕራሞለኪውላዊ ፖሊመር የሚባል ረጅም ሰንሰለት ይገኛል። እንደ ተራው ፕላስቲክ በጽኑ ትስስር ያልተቆለፈ በመሆኑ ሊፈታና እንደገና ራሱን ሊገጣጥም ይችላል። እንዶድ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሚሠራበት ኃይል ግን የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው መሰባሰብ ነው። የእንስሳት ህዋስ የተከበበበት ሽፋን ከስብና ከኮሌስትሮል የተሠራ ነው። የሳፖኒኑ ስብ ወዳድ ወገን ወደዚያ ሽፋን ዘልቆ ከኮሌስትሮሉ ጎን ይቀመጣል። ሁለቱ በየቦታው እየተሰባሰቡ ሲከማቹ የሽፋኑ ሥርዓት ይፈርሳል፣ ይበሳሳል። ለስላሳ አካሉን ለውኃው ያጋለጠው ቀንድ አውጣ ይህን አይቋቋምም። በስንጥቡ የሚተነፍሰው ዓሣም አይቋቋምም፤ እንዶድ በፈሰሰበት ወንዝ ዓሣ ሊሞት እንደሚችል ከጥንት የታወቀ ነው። የሰው ቆዳ ግን በደረቀ የላይኛ ንብርብር የተጠበቀ በመሆኑ አጣቢዎቹ እጃቸውን ነክረው ይውላሉ። ሲዋጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሰው አደገኛ ነው፣ ዓይንንም ያቃጥላል።

ሴቶቹ ፍሬውን ወቅጠው በውኃ ማሸታቸው ከንቱ ልማድ እንዳልነበረም ቆይቶ ታወቀ። በስዊዘርላንድ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት የተሸከመ ነው፤ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ሲደቅና ውኃ ሲነካው የፍሬው የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጣል። ያን ጊዜ ነው ስብ ወዳዱ ወገን ነጻ የሚወጣው። በአልኮል ቢጨመቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ስለሚቆም ጭማቂው የሚፈለገውን ያህል አይሠራም። የላቦራቶሪ ሰው ኬሚካል ለማውጣት መጀመሪያ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ አልኮልን ነው፤ አጣቢዋ ያነሣችው ውኃን ነበር፤ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው የእርሷ ነበር።

በካሊፎርንያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፍሬው አንዱን ኃይለኛ ሳፖኒን ለይተው አወጡ። ስሙንም ለማቶክሲን አሉት፤ የአክሊሉ ለማን አባት ስም የያዘ ሞለኪውል ሆነ።

አምስት ዓመት በአድዋ

አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ትልቁ ሥራውም እንዶድ ከላቦራቶሪ ወጥቶ በአንድ ከተማ ሕዝብ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ መመዘን ነበር። ከ1969 እስከ 1974 ባሉት አምስት ዓመታት 17 ሺህ ገደማ ሕዝብ በነበረባት አድዋ ወንዞቹ በየጊዜው በእንዶድ ታከሙ። ተክሉ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድል አንድ ጊዜ ብቻ መርጨት አይበቃም፤ የተፈለፈለው ሳያድግ መመለስ ያስፈልጋል። ደግነቱ ሳፖኒኑ ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በጥቂት ቀናት ይፈራርሳል።

ውጤቱ የተመዘነው በሕፃናት ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ትሉን ከዓመታት በፊት ተሸክመውት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ መተላለፍ መቆሙን የሚናገሩት ገና ወደ ወንዝ መውረድ የጀመሩት ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆኑት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ወጪውም ዝቅተኛ ነበር፤ ለአንድ ሰው በዓመት ከአሥር የአሜሪካ ሳንቲም የሚዘል አልነበረም።

የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእርሻው በኩል ያለውን ጥያቄ ያዙ። እንዶድ ከቦታ ቦታ ኃይሉም ምርቱም ይለያያል። ለገሠ ከሀገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የተሰበሰቡትን አወዳድረው ብዙ የሚያፈራና ኃይሉ የበረታ ዝርያ መረጡ፤ ዓይነት 44 ተብሎ ይታወቃል። ገበሬው በማሳው ዳር ሊተክለው፣ ሴቶች በሙቀጫ ሊወቅጡት፣ የመንደሩ ሰው ራሱ በወንዙ ሊረጨው የሚችል መከላከያ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው የዓለም ይሁንታ ይመስል ነበር።

የይሁንታው ጥበቃ

ይሁንታው አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት የሚመክረው ኒክሎሳማይድ የተባለውን ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነበር። ኬሚካሉ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን ከአውሮፓ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እንዶድን በሚመለከት ድርጅቱ የጠየቀው ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ እንዲቀርብ ነበር። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። ወደ መጠጥ ውኃ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ሊመረመር ይገባዋል፤ ሕዝብ ለዘመናት ተጠቅሞበታል ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና ላቦራቶሪ በኢትዮጵያ አለመኖሩ፣ ገንዘቡ ያላቸው ኩባንያዎች ደግሞ ማንም ሰው በጓሮው ሊያበቅለው በሚችል ፍሬ ላይ ወጪ ለማውጣት የሚያነሣሣ ምክንያት ማጣታቸው ነበር።

ሌላም እንቅፋት ነበር፤ ይህኛው ከሞለኪውሎቹ ጠባይ ይመነጫል። የመድኃኒት ቁጥጥር ሥርዓት የለመደው አንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር፣ አንድ ቀመር፣ አንድ መጠን ነው። የእንዶድ ጭማቂ ግን የተለያዩ ሳፖኒኖች ድብልቅ ነው፤ ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ይለያያል። ኃይሉ በመሰባሰብ ላይ የተመሠረተ ነገር በነጠላ ሞለኪውል መዝገብ ላይ ለማስፈር ያስቸግራል።

አክሊሉ ራሳቸው ለዚህ መዘግየት የሰጡት ምክንያት ከዚህ የመረረ ነበር። በአፍሪካ ላቦራቶሪ በአፍሪካውያን የተሠራ ምርምር በሰለጠነው ዓለም ተቋማት ዘንድ እምነት አይጣልበትም፤ ያንኑ ውጤት ሌላ ሰው በሌላ ሀገር ካልደገመው እንደ ሳይንስ አይቆጠርም ብለው ያምኑ ነበር፤ በአደባባይም ተናግረውታል። በዚህ የተነሣም የአፍሪካ ሀገሮች የራሳቸውን የምርመራ አቅም እንዲያበጁ ሲወተውቱ ኖረዋል።

የአድዋው ሙከራ በተጠናቀቀበት በ1974 ዓመት አብዮት ፈነዳ። አክሊሉ በዚያው አሥር ዓመት ከሀገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ልማት ዘርፍ አገለገሉ፤ በኋላም ጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። ብዙ የሀገር ልጆች እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ሲሰማሩ የቀድሞው ምርምራቸው ትዝታ ሆኖ ይቀራል። እርሳቸው እንዶድን ሻንጣቸው ውስጥ ይዘው ዞሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1983 ሉሳካ፣ ዛምቢያ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት የተለያዩ ሀገሮች ተመራማሪዎች ስለ ተክሉ መከሩ፤ አክሊሉም የጥናቶቹን መድበል ከአዘጋጁት አንዱ ነበሩ።

የተጠየቀው ምርመራ በመጨረሻ የተካሄደው በካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ውጤት እንዶድ በዘረመል ላይ ጉዳት እንደማያደርስ፣ ዓይንን ግን ክፉኛ እንደሚያስቆጣና ለዓሣ መርዝ እንደሆነ አመለከተ። ይህም የአድዋ ሴቶች ያውቁት ከነበረው እምብዛም የራቀ አልነበረም። ከወንዝ ዳሩ ትዝብት እስከዚህ ወረቀት ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

በ1989 ለአክሊሉ ለማና ለለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠው፣ በብዙዎች ዘንድ ተለዋጭ ኖቤል የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። የተሸለሙት ድሀው ሕዝብ ሊገዛው የሚችል የቢልሃርዝያ መከላከያ በማግኘታቸውና ስለ እርሱም ሳይታክቱ በመሟገታቸው ነበር።

በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ

ሽልማቱን ተከትሎ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዲግሪ ሰጣቸው። ቶሌዶ በኢሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐይቁም በዚያ ወቅት እንግዳ ወራሪ ገጥሞት ነበር። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ በመርከቦች ማመዛዘኛ ውኃ ተጭኖ የመጣው ዚብራ መስል የተባለ ባለ ሽንትር ዛጎል ለበስ ፍጡር የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ነበር። ዛጎል ለበሱ የቀንድ አውጣ የሩቅ ዘመድ ነው። አክሊሉ እንዶድ ለዚህም ሊሆን ይችላል ብለው ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች አሳሰቡ፤ ተሞከረ፤ ሠራም።

ከዚያ የሆነው የእንዶድን ስም ከጤና ዓምድ ወደ ሕግ ክርክር አሻገረው። በአጠቃቀሙ ላይ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተመዘገበ። የአክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ቢገኝም የመብቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆነ። በአድዋ ለሃያ ዓመታት ይሁንታ የተነፈገው ፍሬ፣ የአሜሪካ ቧንቧ ሲደፈን በአጭር ጊዜ የባለቤትነት ወረቀት ወጣለት። በደቡቡ ዓለም የገበሬዎችን መብት የሚሟገቱ ወገኖች ጉዳዩን የሀገር በቀል ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዴት እንደሚወሰድ ለማሳየት ደጋግመው ጠቀሱት። የፈጠራ መብት ሕግ ለአዲስ አጠቃቀም ዋጋ ይሰጣል፤ ለዘመናት አረፋውን ሲጠቀሙበት ለኖሩት፣ ዝርያውን በአጥራቸው ሥር ጠብቀው ላቆዩት ሰዎች ግን በቅጹ ላይ ስም የሚጻፍበት መስመር አልነበረውም። ኢትዮጵያ የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛ አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው።

አክሊሉ ለማ ይህን አዋጅ አላዩም። ሚያዝያ 5 ቀን 1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ለማ ስም ተሰይሟል።

በእርሳቸው ዕድሜ የቢልሃርዝያ ትግል መልኩን ለውጧል። በ1970ዎቹ መገባደጃ የመጣው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በአንድ ጊዜ አወሳሰድ ትሉን ይገድላል፤ ርካሽም ነው። የጤና ባለሥልጣናት ዓይናቸውን ከቀንድ አውጣው አንሥተው በትምህርት ቤት ክኒን ወደ ማደል አዞሩ፤ ይህም ሚሊዮኖችን ከሥቃይ አድኗል። ክኒኑ የማይሠራው አንድ ነገር አለ፤ የዳነው ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ውኃ ሲገባ እንደገና እንዳይያዝ አያደርግም። በዓለም ዙሪያ ዛሬም ከ250 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመከላከያ ሕክምናው እንደሚያስፈልጋቸው ይቆጠራል፤ አብዛኞቹ የሚኖሩትም በአፍሪካ ነው።

ውኃውም እየጨመረ ነው። ከወድ ኤል ሒለው ዝቅ ብሎ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት መንትያ ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በትግራይ ጦርነት ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሐምዳይትን በመሳሰሉ መሻገሪያዎች ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ሲሰደዱ፣ ከመጠለያዎቻቸው አንዱ መንደር 8 የሚባለው፣ ለግድቡ ተፈናቃዮች ተሠርቶ የነበረው ሰፈር ነበር። እነዚህ ሰዎች ሽብቲን ያውቁታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ክኒን ብቻውን እንደማይበቃና ቀንድ አውጣን መቆጣጠርም ከትግሉ ጋር እንዲቀናጅ መክሯል። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ኬሚካል ግን ኒክሎሳማይድ ነው፤ እንዶድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።